ለዋኘው ያስወጣሁት ሙሾ

ይህን ነገር እስከዚህ ሰሞን ድረስ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴ ለቄስ ሞላ እንኳ አልተናዘዝኩትም፤ በየዐቢይ ጾሙ ፊታቸው ቀርቤ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የገደፍኩትን ጾም ስዘረዝር ይህችን አንዷን እዘላታለሁ። እሳቸው «ሌላስ?» ይሉኛል፤ እኔ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ከዚያ መስቀል ተሳልሜ፣ ቀና ብዬ እወጣለሁ። እንዲህ ያለ ድፍረት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን የምነግራችሁም ልቤ ተሰብሮ አይደለም። ልቤ መሰበር የነበረበት ድሮ ነው። የምነግራችሁ መውጫ ስላሳጡኝ ነው። ያሳጡኝ ደግሞ የአዳራሻችን ልጆች ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው።

አዳራሻችንን ደባርቅን የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። የከተማው ሰው አዋጥቶ መድረክና አግዳሚ ወንበር አስገባበት፤ እኔም ያኔ ወጣት የአማርኛ አስተማሪ ስለነበርኩ የትርኢቱን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። ክረምት በረዶ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ተዋናይ ጉሮሮው እስኪነቃ ቢጮህ የፊተኛው ወንበር እንኳ አይሰማውም። ስለዚህ ትርኢት የምንጀምረው መስቀል ካለፈ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ የተራራ ጎብኚውም በከተማው ማለፍ ከጀመረ በኋላ ነው። እኛ «የበጋው ትርኢት» ነበር የምንለው፤ ሰላም «ሲዝን» ትለዋለች። ሰላም ተማሪዬ የነበረች፣ ጡረታ ስወጣም ኃላፊነቱን የተረከበችኝ ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፣ ታታሪ ናት፣ ግን እምቢ የሚባል ቃል ጆሮዋ አይገባም።

የዘንድሮውን ሲዝን ደርድራ ጨርሳዋለች። ከጃናሞራ እስክስታ የሚወርዱ ልጆች ይመጣሉ፣ ከአምባራስ ዋሽንት ነፊ ይመጣል፣ ማሲንቆ አለ፣ ፉከራ አለ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ድራማም አለ፤ ከዚያ ደግሞ እኔ ያልገባኝ «ስታንድ አፕ» የሚባል፣ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ የሚለፈልፍበት ነገር አለ። ይሁን። ለመክፈቻው ግን የእኔን አሮጌ ቲያትር ፈለገች። «ጋሼ መላኩ፣ ያ ሙሾ የወጣበት! ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል እኮ። ኦፕኒንጉ እሱ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል?» አለችኝ። ለሲዝኑ በሚታተመው መጽሔት ላይም ያ ሙሾ እንዴት እንደተወለደ አንድ ገጽ እንድጽፍ አዘዘችኝ። እምቢ አልኩ። ወገቤን አሞኛል አልኩ። መነጽሬ ተሰብሯል አልኩ፤ በማግስቱ መነጽር ይዛ መጣች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ለእሷ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ገጹን ጻፍ ካላችሁኝ ይኸው ጻፍኩላችሁ። እንዴት እንደተወለደ ልንገራችሁ።

ቲያትሩ ወደ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ እዚያው ስለሞተ የደጋ ልጅ ነበር። እኔ ነኝ የደረስኩት። ሞቱ ከተሰማ በኋላ ቤተሰቡ ልብሱን ዘርግቶ የሚያለቅስበት ትዕይንት አለው፤ በእኛ አገር ሬሳ በሌለበት ልብስ ተዘርግቶ ነውና የሚለቀስ። ለሙከራ ስናሳየው ታዲያ ተዋናይቷ ደረቷን መታች፣ ጮኸች፣ አዳራሹም ሳቀ። ሳቀ ስላችሁ ፈገግ አለ ማለቴ አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጎስጉሰው ትከሻቸው ሲርገፈገፍ አይቻለሁ። የእኛ አገር ሰው ለቅሶ ያውቃል። ለቅሶ በሚያውቅ ሰው ፊት የውሸት ማልቀስ ምን ያህል መሳቂያ እንደሆነ የዚያን ቀን ገባኝ። መክፈቻው ደርሷል፣ ከጎንደር እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል፣ እኔ ደግሞ ሙሾ የሚያወጣልኝ ሰው የለኝም።

በዚያን ጊዜ ዳባት ዳርቻ የሚኖሩ እትዬ አንጓች የሚባሉ አልቃሽ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። እሳቸው ለቅሶ ቤት ገብተው አፋቸውን ሲከፍቱ ድንጋይ ያለቅሳል ይባላል። መጀመሪያ ተዋናይቷን ላክሁባቸው። «ለቲያትር? ላልሞተ ሰው? ሟርት አይደለም ወይ! ሂጅ ልጄ፣ ሂጅ በሰላም» ብለው ሸኟት። ይህ ነገር ጨዋታ እንዳልሆነ ያኔ መረዳት አልነበረብኝም? እኔም እኮ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ቆሞ ለሚሄድ ሰው ሙሾ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ከእናቴ ጀርባ ሳልወርድ ነው የተማርኩት። ቢሆንም ተበሳጨሁ። የተማረውን ሰው ቲያትር አንዲት አልቃሽ አፈረሰችው ብዬ ተበሳጨሁ። በማግስቱ ራሴ ዳባት ሄድኩ።

እዚህ ላይ ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። ዋኘው ታላቄ ነው። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ ሞፈሩን የጨበጠው፣ እኔን ትምህርት ቤት የሰደደኝ እሱ ነው። ከዚያ አንድ በጋ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረደና አልተመለሰም። በመጀመሪያ «ሱዳን ተሻግሯል» ተባለ፤ ቆይቶ «መተማ ሻይ ቤት ውስጥ አይተነዋል» ያሉ ነበሩ፤ ከዚያ ወሬውም ነጠፈ። ሞባይል የሚባል ነገር ገጠር አልገባም ነበርና የሄደ ሰው ካልመጣ አልመጣም ነው። መሞቱን ያየ ግን አልነበረም። የሰማም አልነበረም። እናቴ ይታይሽ ከዳባት በላይ ባለው ሰፈራችን ብቻዋን ቀርታ ማታ ማታ በሯን ገርበብ አድርጋ ትተኛ ነበር፣ መቀርቀሪያውን አትጥለውም። «በጨለማ ቢደርስ ሲያንኳኳ ልጄ ይበርደዋል» ትል ነበር። ለሠርጉ ብላ በስሙ የምታሳድጋት ጊደርም ነበረቻት።

እውነቱን ልናገር ከተነሣሁ ሙሉውን ልናገር። ይህ ነገር ቆሽቴን ያሳርረው ነበር። እኔ ከደባርቅ በየበዓሉ ሳሙናውን፣ ስኳሩን፣ ላምባውን ተሸክሜ ዳገቱን ወጥቼ እደርሳለሁ፤ እናቴ ገና ሳልቀመጥ «የወንድምህ ወሬ የለም?» ትለኛለች። ደኅና ገባህ ወይ የለም። ደከመህ ወይ የለም። ያለሁት እኔ፣ የምትጠብቀው እሱን። ጊደሪቱ እንኳ የእሱ ናት። ጎበዝ ዋኘው፣ ቀርቶም የበኩርነቱን ድርሻ ይበላል! ስንት ጊዜ ከዚያ ቤት እየተበሳጨሁ ወጥቻለሁ። ስንት ጊዜስ በመንገድ ላይ «ወይ ሙት ወይ ና» ብዬዋለሁ። ይህንን በልቤ የሚል ሰው ነው እንግዲህ እትዬ አንጓች ደጅ የቆመው።

ሐዘንተኛ መስዬ ገባሁ። መስዬ ነው የምላችሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ድምፄን ሰብሬ፣ ወንድሜ ቆላ በወባ ሞተ አልኩ። እናቴ ልቧን ስለሚያማት ገና አልተረዳችም፤ የደባርቅ ወዳጆቹ ግን አንድ ትልቅ ቤት ለምነው ሊያለቅሱለት ነውና አንቱ ካልመጡልን ሙሾ የሚያወጣለት የለም አልኩ። ሞተ አልኩ። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አላስገደደኝም፤ ሞተ አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ አላመለጠኝም። ከደባርቅ እስከ ዳባት መንገዱን ሙሉ ሳጠናው ነው የመጣሁት።

እትዬ አንጓች ከትናንቷ ተዋናይ ጋር አላገናኙኝም። የሐዘንተኛን ቃል የሚጠራጠር የት አለ? ከንፈራቸውን መጠጡና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ስሙን ንገረኝ። የማን ልጅ ነው? ምን ሠርቶ፣ ማንን ጥሎ ሄደ? ስም የሌለው ሙሾ የለም» አሉኝ። እኔም ነገርኳቸው። ሞፈሩን ነገርኳቸው፣ እኔን ማስተማሩን ነገርኳቸው፣ ጊደሪቱን ነገርኳቸው። በመጨረሻ የእናቴን ገርበብ ያለ በር ነገርኳቸው። እሱን ስነግራቸው እንባቸው ሲወርድ አየሁና ደስ አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ደስ አለኝ! «ይኸ ነገር አዳራሹን ያስለቅሳል» ብዬ ነው ደስ ያለኝ።

በመክፈቻው ቀን ከሰዓት በኋላ አመጣኋቸውና በጀርባ በር በኩል አስገብቼ ከመድረኩ ኋላ ካለች ክፍል አስቀመጥኳቸው። የቲያትሩን ልጅ ስም በዚያው ቀን ዋኘው ብዬ ቀየርኩት። መድረኩ ላይ የራሴን ጋቢ ዘረጋሁ። ተራው ሲደርስ እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ እሳቸው ያን ሁሉ ሰው ለወንድሜ የመጣ ለቀስተኛ መሰላቸው። ለጋቢው ሰገዱ። ከዚያ ጀመሩ።

ሰሊጡ ታጨደ ነዶውም ታሰረ፣
አጫጁ ዋኘው ግን ከነዶው ጋር ቀረ።

ቀጠሉ፦

በሯንም ሳትዘጋ ስንት ክረምት አደረች፣
ዝጊው በሏት ዛሬ ቁርጡን ካላወቀች።

የሳቀ አልነበረም። እኒያ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጎስጉሰው የነበሩት ሽማግሌ ስቅስቅ ብለው ሲያለቅሱ አየኋቸው። የጎንደር እንግዶች አለቀሱ። ተዋናዮቼ ቃላቸውን ረስተው አለቀሱ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ሰው ማልቀሱን እያየሁ ነበር፤ ማን ያለቅሳል፣ ማን አያለቅስም፣ የኋላ ወንበሮችስ ይሰማቸው ይሆን? ይህን ነው ያሰብኩት። ያ ስም የወንድሜ ስም እንደሆነ፣ ያ በር የእናቴ በር እንደሆነ ለአፍታ አላሰብኩም። ሲጨርሱ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ።

እትዬ አንጓች ደነገጡ። ወደ እኔ ዞረው «ምነው? ለሙት ይጨበጨባል ወይ?» አሉኝ። እኔም ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «የከተማ ሰው ሐዘኑን እንዲህ ነው የሚገልጸው» አልኳቸው። አመኑኝ። አንገታቸውን ነቀነቁና ለጨብጫቢው ሕዝብ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው እጅ ነሡ። ሰላም «ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል» የምትለው ይህን ነው። ሰው የሚያወራው መጨረሻ ላይ አልቃሿ እጅ መንሳታቸውን ነው፤ ምን ዓይነት ትወና ነው እየተባለ።

ከዚያ በኋላ ለሆነው ከእኔ በቀር ማንም በጥፋት አይከሰስም፤ ሁሉም እንደ ወጉ ነው ያደረገ። እትዬ አንጓች በገበያ ቀን ዳባት ላይ የእናቴን ጎረቤት አገኙና «የይታይሽን ልጅ አልቅሼው መጣሁ፤ ልቧን ያማታል አሉ፣ በቀስታ ንገሯት» አሏት። ጎረቤት ለሽማግሌ ነገረች። ሽማግሌዎቹ ቄስ ሞላን ይዘው ገና ሳይነጋ ገርበብ ወዳለው በር ሄዱና አረዷት። ለእኔም በጭነት መኪና ሰው ላኩብኝ፤ «እናትህ ተረድታለች፣ ድረስ» ተባልኩ።

መንገዱን ሙሉ እውነቱን ልናገር ወስኜ ነበር። ብታምኑኝም ባታምኑኝም ወስኜ ነበር። ቲያትር ነው፣ ዋሽቼ ነው፣ መሞቱን የነገረኝ የለም፣ ብዬ በለቀስተኛው ፊት ልወድቅ ነበር። ደጅ ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ቧጥጣ፣ መሬት ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ ለእኔ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ በየተራ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና እጆቿን ዘረጋችልኝ። «የኔ ልጅ፣ አንተ ብቻ ቀረህልኝ» አለችኝ።

አንተ ብቻ ቀረህልኝ። ይህን ስትለኝ እቅፏ ውስጥ ገብቼ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ለእሷ አስቤ ነው ብዬ ስንት ዓመት ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ቁርጡን ማወቅ ያሳርፋታል፣ ሐዘን ይበርዳል፣ መጠበቅ ግን አይበርድም፣ እያልኩ። የማይረባ ነገር! ዝም ያልኩት ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አቅፋ ስላለቀሰች ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሜን ወሬ ሳትጠይቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ያንን እጅ መመለስ አልቻልኩም። ቲያትሬም ጎንደር ተጋብዞ ነበር፤ እሱንም አልደብቃችሁም።

ቆይታ ግን ጠየቀችኝ። «የት ተቀበረ?» አለችኝ። ቆላ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ አልኳት። «ማን አፈር አለበሰው?» አለችኝ። ወዳጆቹ፣ አልኳት። «ከክርስቲያን መቃብር መግባቱ ተመስገን» አለች። አንዱን ውሸት ለመጠበቅ ሌላ ውሸት እየተከልኩ ለወንድሜ መቃብር አጥር አጠርኩለት። ቄስ ሞላ በእኔ ቃል ፍትሐት ፈቱ። ለተዝካሩ ያቺ በስሙ ያደገችው ጊደር ታረደች። እኔም ከሥጋዋ በላሁ። እናቴ በእጇ አጎረሰችኝና በላሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ማታ ማታ መቀርቀሪያውን ትጥለው ነበር። አብሬያት ባደርኩ ቁጥር ያ እንጨት ሲወድቅ እሰማዋለሁ።

ብዙ ዓመት ኖረች። ብዙ ቀን ብቻችንን ተቀምጠናል፤ ልነግራት የምችልባቸው ብዙ ቀኖች ነበሩ። አልነገርኳትም። ወረርሽኙ ሰው እንዳይሰበሰብ ባስከለከለበት ጊዜ ሞተች፤ ያለ ድንኳን፣ ያለ አልቃሽ፣ ጥቂት ሰው ሆነን በጥድፊያ ቀበርናት። መቃብሯ ሲዘጋ ሁሉም ተዘጋ ብዬ፣ እፎይ ብዬ ነበር። አዎ፣ እናቴን ቀብሬ እፎይ አልኩ።

አሁን ሰላም። ሰላም ጓደኞቿን አስከትላ ዳባት ሄደች፣ እትዬ አንጓችን ለኦፕኒንጉ ለመጋበዝ። አዳራሹ የቲያትር ቤት መሆኑን እትዬ አንጓች ውሎ አድሮ ሰምተዋል፤ «እናንተ የሠራችሁትን አላውቅም፣ እኔ ያለቀስኩት ለዋኘው ነው» ብለው ትተውታል። ለሰላምም እንዲህ አሏት፦ «ለአንድ ሙት ሁለቴ ሙሾ አላወጣም። እናቱን ይታይሽን ግን አላለቀስኩላትም፤ በዚያ በክፉ ዘመን ሞታ ዕዳዋ አለብኝ። ልጇ ይምጣና ኑሮዋን ይንገረኝ፤ እመጣላችኋለሁ።» ሰላም በደስታ ሰክራ መጣች። «ጋሼ፣ የባሰ አማረ እኮ! ለእናትዎ፣ ላይቭ፣ በሞባይል እንቀርጸዋለን!» ትለኛለች። ልጄ፣ ተይኝ። ተይኝ አልኳት። ምን ሆኑ አለችኝ። ስንት ሳምንት በየመንገዱ ተደብቄያት ዞርኩ። በመጨረሻ እሷን ከመሸሽ ይሻላል ብዬ ዳባት ሄድኩ፤ እትዬ አንጓችን እምቢ እንዲሉልኝ ልለምናቸው።

አርጅተዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ከቤታቸው ፊት መደብ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው፣ ድምፄን ሲሰሙ «የይታይሽ ልጅ!» ብለው ፊቴን ዳሰሱኝ። ስለ ምልጃዬ አፌን ሳልከፍት «በል ንገረኝ፣ እናትህ እንዴት ያለች ሰው ነበረች?» አሉኝ። ደግ ነበረች አልኳቸው። ታጋሽ ነበረች፣ ለሰው አዛኝ ነበረች አልኳቸው። እጃቸውን አወናጨፉብኝ። «ተው እንጂ! ሁሉም ሲሞት ደግ ነው። እኔ በዚህ ምን ሙሾ አወጣለሁ? ምን ጎድሏት ሞተች? እሱን ንገረኝ።»

ምን ጎድሏት ሞተች? አስተማሪ ሆኜ ስንት ጥያቄ ጠይቄአለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ጠይቄም ተጠይቄም አላውቅም። እንደ ድሮው ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። አንድ እንኳ አልመጣልኝም። ከዚያ እውነቱ ወጣ። ከተዋናይቷ ጀምሬ እስከ ጊደሪቱ፣ ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ለእሳቸው ነገርኳቸው። ነገሩን ከእናንተ ቀድመው የሰሙት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «ሬሳውን ያየ ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ።

«መርዶውን ያመጣ ሰውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔን የሟርት አፍ አደረግኸኝ» አሉ። አልጮሁም፣ አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ እንዴት በቀለለኝ! ጫማቸው ስር መሬት ላይ ወደቅኩ፤ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ሸሸጉት። «ተነሥ። እኔ ለይታይሽ አላለቅስም። የበኩር ልጇ አለ። መሞቱን ያየ ከሌለ አለ። እሱ ይምጣና ያልቅሳት። ሂድና ንገረው።»

«የት አግኝቼው እትዬ?» አልኩ።

«መሞቱን ከየት አግኝተህ ለእናቱ አስነገርክ? እናቱ መሞቷንም ከዚያው ሆነህ ንገረው» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ይኸው ያዘዘችኝ ገጽ። እስከዚህ ያለውን ሰላም እፊቴ ቁጭ ብላ አነበበችው። ወረቀቱን አጥፋ ያዘችና «ታዲያ በምን እንክፈት?» አለችኝ። ምን አውቄ ልንገራት? በዋሽንቱ ትክፈተው፣ በሚለፈልፈው ልጅ ትክፈተው፣ ያ ቲያትር ግን አይከፍተውም። ገጹ እንዳለ እንዲታተም ለመንኳት፣ እሺ አለችኝ። ቄስ ሞላ እንደሚያነቡት አውቃለሁ፤ የሚጥሉብኝን ንስሐ እቀበላለሁ። ይቅር በሉኝ ግን አልላችሁም። ይቅር የምትለኝ ሴት አፈር ውስጥ ናት፤ ወንድሜም የት እንዳለ አላውቅም። ወጣት ነበርኩ፣ ለሥነ ጥበብ ብዬ ነው፣ ለእናቴ አስቤ ነው ብዬም አልከራከርም። አስቤ ዋሸሁ፣ ደስ ብሎኝ ዋሸሁ፣ ተመችቶኝ ኖርኩበት።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቃችኋለሁ። መጽሔቷ የምትወጣው ሰዉ ለአጨዳ ቆላ በሚወርድበት ሰሞን ነው። የምትወርዱ ይዛችኋት ውረዱ። በመተማ፣ በሁመራ፣ ከዚያም ባሻገር፣ ዋኘው የሚባል ያረጀ የዳባት ሰው ካገኛችሁ ቀጥሎ ያለውን አንብቡለት።

ወንድም ዓለም፣ እኔ መላኩ ነኝ። እናታችን ይታይሽ ሞታለች። ይህ መርዶ እውነት ነው። እስከ ዛሬ ያለቀሰላት የለም፤ ና።